መቋሚያና ምርኩዝ

የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ያፈሳል። ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከገደል ሥር በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ስሙንም የወሰደው ከቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ፣ ከንጉሡ ከነአኩቶ ለአብ ነው። ከዋሻው ቋጥኝ ውኃ በበጋም በክረምትም ጠብ ጠብ ይላል፤ ምእመናን ጠበል ብለው ይጠጡታል፣ ይቀቡታል። እኔን ግን ከውኃው ይልቅ የሚያስቆሙኝ ከሥሩ ያሉት የድንጋይ ገንዳዎች ናቸው። ጠርዛቸው በዘመን ብዛት ልሟል። ቅርጻቸው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ቦታቸው ግን አይሳሳትም፤ ጠብታው የሚያርፈው እመሐላቸው ላይ ነው። ያኖራቸው ሰው ቋጥኙን ልድፈን ብሎ አልታገለም። ውኃው የት እንደሚወድቅ አስተዋለ፤ ገንዳውን እዚያ አኖረ።

የእጅ ሥራ ስናደንቅ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ጌጡ ነው። እኔ ባለሙያን የምፈትነው በዚህ ገንዳ ነው፦ ሸክሙ የት እንደሚወድቅ ያውቃል ወይ? ፈተናው የሚከብደው ደግሞ ሥራው ያረጀና የተጎዳ ሰውነት የሚሸከም ሲሆን ነው። ስለ በትር፣ ስለ ሰው ሠራሽ እግር፣ ከሁሉም በላይ በስተርጅናም ሊሠራ ስለሚችለው ስለ ጡንቻ ለመጻፍ ከዚህ ዋሻ መነሣቴ ስለዚህ ነው።

በበዓል ሌሊት ለማኅሌት ካህናቱና ደብተራዎቹ የሚይዙት ዘንግ መቋሚያ ይባላል። አማርኛ ለሚደገፉበት በትር ሌላም ስም አለው፤ ምርኩዝ። ምርኩዝ ከመመርኮዝ፣ ክብደትን በሌላ ላይ ከመጣል የወጣ ቃል ነው። መቋሚያ የወጣው ከመቆም ነው። ማኅሌት ራሱ በአማርኛ "ይቆማል"። ሁለቱም እንጨት ናቸው፤ ልዩነታቸው ያለው በያዛቸው ሰው እግር ውስጥ ነው።

አንድ ጥሩ መቋሚያ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ዘንጉ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ ቁመቱ ለቋሚው ደረት ወይም ብብት ይደርሳል። ራሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጋ ሲሆን ከእንጨት፣ ከቀንድ ወይም ከነሐስ ይሠራል፤ የበለጸገ ደብር ካለው ከብር። ሊቃውንቱ በመስቀል ይመስሉታል። የአናጢ ዓይን ግን ሌላም ነገር ያያል። የራሱ ላይኛው ጎን ሹል ጠርዝ የለውም፤ መዳፍ ሲያርፍበት፣ አገጭ ሲደገፍበት አይቆርጥም። ራሱና ዘንጉ የሚጋጠሙበት ቦታ ጥፍር አያስገባም፤ እዚያ ላይ ቅንጣት ክፍተት ካለ ማኅሌቱ ሳያልቅ መወላለቅ ይጀምራል። ለዘንጉ ወይራ ይመረጣል፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ የጠጠረ፣ ለምስጥ የማይመች እንጨት ነው። የጎበጠ እንደሆነ ገና እርጥብ ሳለ በእሳት ወላፈን አሙቀው ያቃኑታል፤ ከላጡት በኋላ ቅባት እያጠጡ ያሹታል። ከዓመታት በኋላ እጅ የሚያርፍበት ቦታ በላብ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ይህን የመጨረሻ ልስላሴ የሚሰጠው አናጢው አይደለም፤ ቋሚው ነው።

ዋናው ብልሃት ግን የሚገለጠው ዝማሜ ሲጀመር ነው። ካህኑ ሲያዜም የቆየበት ዘንግ ከመሬት ይነሣል፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ሰውነትም አብሮት። ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይሻገራል። ጉልበት ሸብረክ ይላል፣ መልሶ ይቃናል። መረግድ ሲደርስ ከበሮው ገብቶ እርምጃው ይፈጥናል። በገና ጧት በላሊበላ ቤተ ማርያም "ቤዛ ኩሉ" ሲባል፣ ከላይ በገደሉ አፋፍ የተሰለፉት፣ ከታችም በቅጥሩ ውስጥ ያሉት ሲያሸበሽቡ ያየ እንግዳ፣ ከመካከላቸው ሽበታሞቹ ሌሊቱን በእግራቸው እንዳሳለፉት ላይጠረጥር ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። መቋሚያው አንድ ጊዜ ሸክም ይቀበላል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱ ሸክም ሆኖ ይነሣል። ክንድ፣ ትከሻ፣ ወገብና ጭን ተራ በተራ ይሠራሉ፤ ተራ በተራ ያርፋሉ። ስለ አረጋውያን ጡንቻ የሚጽፍ የዛሬ ሐኪም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ልንደፍ ቢል የሚቸገር ይመስለኛል።

ያረጀና የተጎዳ ሰውነት መቆም እንደሚችል ሠዓሊዎቻችንም ያውቁ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸመገሉበት ዘመን ከቁመት ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ በቀረው እግራቸው ሰባት ዓመት እንደቆሙ ገድላቸው ይተርካል፤ ቤተ ክርስቲያንም ስባረ ዐፅማቸውን ጥር 24 ታስባለች። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያለውን ሥዕላቸውን አስተውሉ። ሠዓሊው ጉዳቱን በቀሚስ አልሸፈነውም፤ የተሰበረችውን እግር ለብቻዋ ለይቶ ያሳያል። አረጋዊውን ግን አላስተኛቸውም፣ አላስቀመጣቸውምም። እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

አማርኛ አንድ አስገራሚ ነገር አለው። ጉልበት የምንለው መገጣጠሚያ፣ ጉልበት ከምንለው ኃይል ጋር አንድ ስም ነው። ሽማግሌ ከመደብ ለመነሣት ሲቸገር "ጉልበቴ ከዳኝ" ይላል፤ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መለየት ያዳግታል። መለየትም አያስፈልግም። ጉልበትን የሚያቃናው ከፊት ያለው የጭን ጡንቻ ነው፤ ከመቀመጫ የሚያነሣው፣ ደረጃ የሚያወጣው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚሆነው እሱ ነው። ሰው 30 ዓመት ካለፈው በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ጡንቻ ያጣል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይብሳል። አንድ እግሩ የተጎዳ ሰው በዚህ ላይ የሚጨመር ዕዳ አለበት፤ ያልተሠራበት ጡንቻ ይሟሽሻልና።

እዚህ ላይ የአናጢው ምሳሌ ያበቃል። እንጨት የሚቃናው በእርጥቡ ነው፤ ከደረቀ አለቀ። ጡንቻ ግን እንጨት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 90 ዓመት የሆነ 10 ደካማ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። ዘጠኙ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ የጭናቸው ጡንቻ በ9 በመቶ ወፈረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት ራሱ ትምህርት ነው። መጀመሪያ የሚነቃው ነርቭ ነው፤ ተኝተው የነበሩትን የጡንቻ ጭረቶች እየጠራ ያሰልፋል። ሥጋው የሚወፍረው ቆይቶ፣ በዝግታ ነው። ሥራውን ባቆሙ በአራት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ከደረሱበት ኃይል ሲሶው ያህል ጠፋ። እንግዲህ ይህ እንደ መቋሚያው ጠርቦ፣ ቀብቶ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ዕቃ አይደለም። በየሳምንቱ የሚሠራ ነው።

የእኛው አበበ ቢቂላም በዚህ መንገድ አልፏል። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ሻምበል መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ሽባ ሆነ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ሲታከም እጆቹ ተመለሱለት። የሆስፒታሉ የአከርካሪ ጉዳት ማዕከል መሥራች ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች ቀስት ያስወረውሩ ነበር፤ ቀስት መሳብ ደረትን፣ ትከሻንና ጀርባን ያጠነክራል፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥን ያስተምራል። ዓለምን በእግሩ ያስደነቀው ሰው በ1962 ዓ.ም. ክረምት እዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ይዞ ቀረበ። በማግስቱ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ የውሻ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። እግሩ አልተመለሰም፤ በ41 ዓመቱ፣ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። የጉትማን ሕክምና እግሩን አልደፈነለትም፤ ገንዳውን ትከሻው ላይ አኖረለት።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ምርኩዝ ተራ ነገር ይመስላል፤ አብዛኛው ሰው ግን ያልተለካ ነው የሚይዘው። ልኩ ይህ ነው፦ ባለቤቱ ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ክንዱን ወደ ታች ይልቀቀው፤ የምርኩዙ መያዣ ከእጁ አንጓ ሽብሽብ ጋር እኩል መምጣት አለበት። ሲጨብጠው ክርኑ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከዚያ ከረዘመ ትከሻን ወደ ላይ ይገፋል፤ ካጠረ ያጎብጣል። የሚያዘው ደግሞ ከደካማው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ቀኝ ዳሌውን የሚያመው ሰው ምርኩዙን በቀኝ እጁ ሲይዝ በየመንገዱ እናያለን፤ ስሕተት ነው። በቀኝ እግር ስንቆም ዳሌያችን ወደ ግራ እንዳይወድቅ የሚይዘው የቀኝ ዳሌ ጡንቻ ነው፤ በግራ እጅ ያለ ምርኩዝ ከሩቅ ጫፍ ሆኖ ያግዘዋል፣ በዚያው በቀኙ ከሆነ ግን እምብዛም አይረባው። አቀበትና ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ምርኩዙና ታማሚው። የክራንችም ነገር እንዲሁ ነው፤ በላይኛው ጫፉና በብብት መካከል ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት፣ ክብደት የሚያርፈውም መዳፍ ላይ ነው። ብብቱ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ወደ ክንድ የሚወርደውን ነርቭ ይጫነዋል፤ እግሩን ሲያድን እጁ ይዝላል።

ሦስተኛውና ረቂቁ ሥራ ሰው ሠራሽ እግር ነው። ላሊበላ ለምትገኝበት ለላስታ ሰው ቅርብ የሚሆኑት የአካል ማገገሚያ ማዕከላት ደሴና ባሕር ዳር ያሉት ናቸው። እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ሲመጣ ባለሙያው በቀረው እግር ላይ እርጥብ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልላል። ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ያወልቀዋል፤ ውስጡን በጀሶ ሞልቶ የእግሩን አምሳያ ያወጣል። ከዚያ ሞረድ ያነሣል። ሙያው ያለው እዚህ ነው። አምሳያውን እንዳለ ከተወው የሚወጣው እግር ይመስላል እንጂ አይረገጥበትም። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሸክም ይችላል፤ ስለዚህ እዚያ ጀሶውን ይሞርደዋል። የቅልጥሙ ሹል ጠርዝና በውጭ በኩል ያለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ግን ሸክም አይችሉም፤ እዚያ ላይ ጀሶ ይለጥፋል። ቀጥሎ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ በምድጃ እስኪለሰልስ አግሎ አምሳያው ላይ ያለብሰዋል፤ አየሩን መጥጦ ያጣብቀዋል። የተሞረደው ቦታ ጠበቅ፣ የተለጠፈው ላላ ብሎ ይወጣል። ባለቤቱ የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጥ ክብደቱ የሚወድቀው ሊሸከመው በሚችለው ቦታ ላይ ብቻ ይሆናል። የነአኩቶ ለአብን ገንዳዎች ያኖረው ሰው ይህን ቢያይ ወዲያው የሚገባው ይመስለኛል።

ይህ ሥራ ግን ብቻውን አይራመድም። የሚያንቀሳቅሰው የጭንና የዳሌ ጡንቻ ነው፤ እሱ ከሟሸሸ ምርጡ ፕላስቲክ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ቤተሰብ ደግሞ በፍቅር ይበድላል። "አባባ ይረፉ፣ አይነሡ" ይላል፤ ከተቆረጠው እግር ሥር ትራስ ያኖራል። ታጥፎ የዋለ ጉልበት ጅማቱ ያጥራል፣ በኋላ ለመቃናት እምቢ ይላል። ትራሱ መነሣት አለበት፤ እግሩ ቀጥ ብሎ ይዋል።

የማጠንከሪያው መሣሪያ ከቤት አይጠፋም። ከከፍ ያለ አልጋ ጠርዝ መነሣት ይቀላል፤ ከመደብ ይከብዳል፤ ከበርጩማ ከሁሉም ይብሳል። እነዚህ ሦስቱ መቀመጫዎች ሦስት የክብደት ደረጃዎች ናቸው። በእጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ አቀማመጡንም እንደ መውደቅ ሳይሆን እንደ ማረፍ ማዝገም፣ ጭንን በደንብ ያሠራል። ለክንድ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ዛሬ በአንድ ሊትር የጀመረ ሰው በየሳምንቱ አንዳንድ ስኒ እየጨመረ ያለ ሚዛን ክብደቱን ያውቃል። መጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ማንሻዎች ካልከበዱ ጡንቻው አልተጠራም ማለት ነው። ሲያነሡ ትንፋሽ አይታፈንም፤ ወደ ውጭ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለአረጋውያንም ሆነ ለአካል ጉዳተኞች ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይመክራል።

ጡንቻ ያለ ምግብ አይገነባም፤ ላስታ ደግሞ የጾም አገር ነው። ለአረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ55 እስከ 66 ግራም መሆኑ ነው። በ100 ግራም ደረቅ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ ወይም ምስር ውስጥ ከ20 እስከ 25 ግራም ይገኛል። ስለዚህ በጾም ወራት የሽማግሌው ሽሮ ውኃ የበዛበት መሆን የለበትም፤ ወፈር ይበል፣ ቆሎውም ባቄላና ሽምብራ ይደባለቅበት። ጥርስ እምቢ ካለ ሽሮና ስልጆ አለ።

ልክ ማወቅም ከሙያው ነው። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት አንድ እግሩ የቀጠነ ሰው ዕድሜው ሲገፋ አዲስ ድካም ሊመጣበት ይችላል፤ ከበሽታው የተረፉት ጥቂት ነርቮች ዕድሜ ልካቸውን የሌላውንም ድርሻ ሲሸከሙ ኖረዋል። እሱን እስኪዝል ማሠራት ማፍረስ ነው፤ በትንሹ፣ ረዘም ባለ ዕረፍት፣ እስከ ማግስቱ የሚቆይ ድካም ሳይኖር ነው የሚሠራው። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖር ሰው ትከሻው እግሩ ሆኗል፤ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የጀርባውንም ጡንቻ ካላጠነከረ ትከሻው ቶሎ ያልቃል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሐኪም ሳያይ አይጀምር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከቤትህ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት፣ ከጥጋቸውም የተደገፈ አንድ በትር አይጠፋም። ዛሬ ማታ አንሥተህ እየው። ከእጃቸው አንጓ ጋር ለካው፤ ከረዘመ ቁረጠው። በየትኛው እጅ እንደሚይዙት ተመልከት። ከዚያ "እስቲ አባቴ፣ ሳይደገፉ ይነሡ" በላቸው፤ ክንዳቸውን ለመያዝ ቅረብ እንጂ ቀድመህ አታንሣቸው። የላስታ መንገድ ድንጋይ ነው፣ የብረት ጫፍ ያንሸራትታል፤ ከአሮጌ በረባሶ ጎማ ቆርጠህ ከበትሩ ጫፍ ላይ ምታለት። ጎማው ሲያልቅም ቀይርለት።